አጣቢዋ ያየችው

ሴፕቴምበር 8፣ ሰኞ፣ ከዙህር በኋላ

ሱቅ ከፍቼ ጅልባቦቹን ሰቅዬ ወዲያው ዘጋሁ። እህቴን ፎዚያን ሆስፒታል ላደርስ። የኢስትሊ መንገድ እንደ ልማዱ ተዘጋግቷል፤ የተሳፈርንበት ማታቱ ታክሲ አይንቀሳቀስም። እህቴ ጡቷ ከተቆረጠ ወዲህ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ ታቅፋ ነው የምትቀመጠው።

የዛሬው ለሕክምና አይደለም። ነቀርሳ በዘር እንዴት እንደሚወርድ የሚያጠኑ ሰዎች ጋ ነው። ዋምቡይ የምትባል ረጋ ያለች ሴት ለሴት ክብ፣ ለወንድ አራት ማዕዘን እየሣለች ትጠይቃለች። እናት በምን ሞተች፣ አያትስ፣ አክስትስ። ቀድሜ አፌን የከፈትኩት እኔ ነኝ። በዘራችን እንከን የለም፣ ሁሉም ጤነኛ፣ እናታችን በጨጓራ ነው የሞተችው አልኩ። ለልጄ ለኢማን ሽማግሌ ሲመጣ የምለውን፣ ቃል በቃል።

ስንወጣ ፎዚያ አበደች። ልጅ ልትድሪ ነው ወይ የመጣሽው አለችኝ። እውነቷን ነው፣ ደብተሬ። ዘር ሲጠየቅ አፌ እኔን ሳይጠይቅ ነው የሚመልሰው። ደግሞ ጨጓራ ነው የተባልነው። ልጆች ነበርን፣ ማን ይነግረናል።

ሴፕ. 9፣ ማክሰኞ

ሞያሌ ደወልኩ፣ አክስቴ ዘሃራ ጋ። የእናቴ ታናሽ ናት። እናቴን ስትሞት ያጠበቻት እሷ ናት፤ እስከ ዛሬም እዚያ ሴት ስትሞት የምትጠራው እሷው ናት። በእናቴ ገላ ላይ ምን አየሽ አልኳት። ያጠበ ሰው ያየውን አይናገርም፣ አማና ነው፣ አደራ፣ አላህ የሚጠይቀው እኔን ነው አለች። ለፎዚያ ነው ብላት፣ ዱዓ እያደረግኩላት ነው ብላ ዘጋችው።

ደንበኛ ላይ ስነጫነጭ ዋልኩ። የሞተውን ገመና ስትሸፍን ያለው ይሙት?

ግን እኔስ ብሞት፣ ገላዬን ያየች ሴት ገበያ ላይ እንድታወራው እፈልጋለሁ? አልፈልግም። ይሄ ነው ያናደደኝ።

ሴፕ. 14፣ እሑድ

አክስቴ ሳትነግረን መጣች። በአውቶቡስ፣ እግሯ አብጦ፣ የግመል ወተት በጀሪካን ይዛ። ፎዚያን ልያት ብዬ ነው አለች።

ከአስር ሶላት በኋላ፦ ፎዚያ ክንዷን ማንሣት ስለሚያማት ገላዋን የማጥባት እኔ ነኝ። ዛሬ አክስቴ ባልዲውን ከእጄ ተቀበለችኝ። ልብሷ ሲወልቅ ጠባሳውን አየች። ከቀኝ ጀመረች፣ ቀስ ብላ፣ እንደለመደችው። ጨርሳ ፎጣ ካለበሰቻት በኋላ በርጩማው ላይ ተቀመጠች።

«እናታችሁም እዚሁ ጋ ነበር» አለች። «ቆስሎ ነበር። ጥጥ አድርጌ ነው በከፈን የገነዝኳት።»

አያታችንም እንደዚያው። አክስቴ ያጠበችው የመጀመሪያው ሬሳ የገዛ እናቷ ነበረች። ፎዚያ አለቀሰች፣ እኔም። አክስቴ አላለቀሰችም፤ የደረቀ እጇን ደጋግማ ትጠርጋለች። ለሙት ብዬ የሸፈንኩት ሕያውን ከገደለስ ለአላህ ምን ብዬ ነው የምመልሰው አለች። መንገዱን ሁሉ ስታስብ የመጣችው ይህንኑ ነው።

ሴፕ. 15፣ ሰኞ

ዋምቡይ ጋ ሄጄ ያልኩሽ ልክ አልነበረም አልኳት። ፖሌ፣ አይዞሽ፣ አለችኝ እንጂ አልተቆጣችም። ብዙ ሰው እንዲህ ነው የሚመልሰው አለች። ክቦቹን አጠቆረች። አያቴ፣ እናቴ፣ እህቴ። የእኔ ክብ ባዶ ነው። ከሱ ሥር የኢማን። ለምርመራ ደም ሰጠሁ።

ኦክቶበር 23፣ ሐሙስ

እኔም አለብኝ።

እንደገባኝ ልጻፍ። የወረስኩት በሽታውን አይደለም። ሴል ሲበላሽ የሚጠግነው ነገር በእኛ ዘር ጎድሎ ይወለዳል። የወረሰ ሁሉ አይታመምም። በየዓመቱ በማሽን ካዩኝ ግን፣ ቢጀምር እንኳ እጅ ሳይዳስሰው ያገኙታል። እነዋምቡይ የሚያጠኑት ያንን አጀማመሩንም ነው። ልጅ ወይ ይወርሳል ወይ አይወርስም፤ የሁለቱም ዕድል እኩል ነው።

ለእኔ ፈራሁ፣ ውሸት ምን ያደርጋል። ለኢማን ግን የባሰ ፈራሁ።

ኦክቶ. 24፣ ጁምዓ

ሽማግሌ እሑድ ይመጣል። እስካሁን እኛ ዘንድ ያለችው አክስቴ ኒካሑ እስኪታሰር ለኢማን ትንፍሽ እንዳትዪ ትላለች። ዘራቸው ነቀርሳ አለበት ከተባለ ማን ደጃችንን ይረግጣል? ባሌ በሕይወት ቢኖር እሱም እንዲሁ ይል ነበር። ክፋት አይደለም፤ ልጄን ትወዳታለች።

እሺ ልላት ምንም አልቀረኝ። እስከ ኒካሑ። ከዚያ እስክትወልድ ይባላል። ከዚያ ጡት እስክታስጥል። እኔ የእናቴን ያወቅኩት የእህቴ ከተቆረጠ በኋላ ነው።

ዛሬ እነግራታለሁ። ለሽማግሌዎቹ ምን እንደሚባል እሷ ትወስን፤ ገላው የሷ ነው። ይህንኑ ለአክስቴ ነገርኳት። ተነሥታ ክፍሏ ገባች።

ኢማን ቴክስት አደረገች። ማማ፣ ኒኮ ንጂያኒ፣ መንገድ ላይ ነኝ፣ ዳቦ ልግዛ? ትላለች። ግዢ አልኳት። ሌላ ምን እላለሁ።

በሩ ተንኳኳ። አክስቴ ከክፍሏ ወጥታ ቀደመችኝ። ራሷ ከፈተችላት። ዳቦውን አስቀምጪና ነይ እዚህ ቁጭ በይ ስትላት ይሰማኛል። ምን ልትላት ነው?

አያትሽን ያጠብኳት እኔ ነኝ አለቻት። እየነገረቻት ነው። ልሂድ፣ ልጄን ልያዛት