የልጄን ደም ከማቀዝቀዣው ላስወጡት ሰብሳቢ

ለተከበሩ አቶ አድማሴ
የከተማችን የሕፃናት ከኬሚካል ጉዳት ጥበቃና ክትትል ግብረ ኃይል ሰብሳቢ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፤ እርስዎ፣ ባለቤትዎና በተለይም ልጅዎ እንደምን ሰነበታችሁ? የቤተሰብዎን ጤና በምን ያህል ጥንቃቄ እንደሚጠብቁ ከተማው ሁሉ ስለሚያውቅ፣ የእኔ መልካም ምኞት ትርፍ ነገር እንዳይሆንብዎ እሰጋለሁ። ሰርክአዲስ ደረሰ እባላለሁ፤ እዚሁ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አማርኛ አስተምራለሁ። የአምስት ዓመቷ የውቢት እናት ነኝ። ቢሮዎ ድረስ ይዤው ስመጣ «አቤቱታ» ይባል የነበረውን ነገር ዛሬ ስሙን ለውጬ፣ በምስጋና መልክ፣ በተራ ቁጥር አቀርብልዎታለሁ።

1. አምና የአፀደ ሕፃናቱ ክፍል ሲጠብ፣ የቀድሞውን የፀረ ተባይ መድኃኒት መጋዘን ለልጆቻችን ስለፈቀዱልን አመሰግናለሁ። የድንች ተባይ የሚፈጅ መድኃኒት ለዓመታት ሲከመርበት የኖረው ያ ቤት ነጭ ቀለም ተቀብቶ፣ አንበሳና ቀጭኔ ተስሎበት ሲመረቅ ሪባኑን የቆረጡት እርስዎ ነበሩ። ሽታው ግን ለቀለሙ አልተበገረም። ልጆቻችን ከሰዓት በኋላ ምንጣፍ ላይ ተኝተው ሲነሡ ራሳቸውን እያመማቸው፣ ምራቃቸው እየተዝረከረከ ይመጡልን ጀመር። ሞግዚቷ ወይዘሮ ዋጋዬ በተሰነጠቀው ወለል ሥር ያለውን ነጭ ዱቄት ስታሳየኝ፣ ሁለታችን ተያይዘን ቢሮዎ መጣን። እርስዎም ከወንበርዎ ሳይነሡ፣ «ኖራ ነው፤ እናንተ እናቶች ደግሞ ነገር ታካብዳላችሁ» አሉን። ሳያዩ ማወቅ ለሁሉ የሚሰጥ ጸጋ አይደለም።

2. ወላጆች ተሰብስበን ስንጮኽ፣ የልጆቹን ሰውነት መርዝ ገብቶት እንደሆነ የሚከታተል ግብረ ኃይል በፍጥነት ስላቋቋሙልን አመሰግናለሁ። ነጭ ጋዋን ከለበሱ ባለሙያዎችና ከአንድ ካሜራ ያዥ ጋር መጥተው ደም አስቀዱ። ውቢት መርፌውን አይታ ቀሚሴ ውስጥ ስትደበቅ፣ እርስዎ ራስዎ ጎንበስ ብለው፣ «አይዞሽ የኔ ልጅ፣ የሚያምሽን አግኝተን ልናድንሽ ነው» አሏት። አመነችዎና እጇን ዘረጋች። እኔ ይህን ሁሉ ዘመን ሳስተምር፣ ሰው በአንድ ዓረፍተ ነገር እንዲያምነኝ ማድረግ ሆኖልኝ አያውቅም።

ደሙ ለምርመራ ባሕር ዳር እስኪላክ ድረስ በቢሮዎ ማቀዝቀዣ ተቀመጠ። የሚያደርሰው መኪና ጠፋ፤ መኪናው ለዘመድዎ ሠርግ ሙሽሮችን ይዞ ግምጃ ቤት ከተማ ሄዶ ነበር። ሥራ ቅደም ተከተል አለውና አልተቀየምኩም።

3. ግብረ ኃይልዎ ሥራውን ሳይጀምር በሥራው የተሸለመ ዕለት ለእንግዶችዎ ስላሳዩት አሳቢነት አመሰግናለሁ። ዘግይቼ እንደሰማሁት፣ ሰዎቹ የሞቀ ለስላሳ እንዳይጠጡ የልጆቻችን ደም ከማቀዝቀዣው ወጥቶ መስኮት ላይ ፀሐይ ሲሞቅ ዋለ። ጸሐፊዎ እህተማርያም እያለቀሰች፣ «‹ጌታዬ፣ ደሙስ?› ብላቸው፣ ‹ደም እግር የለው፣ የትም አይሄድም› አሉኝ» ብላ ነገረችኝ። እውነትም የትም አልሄደም። ውጤቱ ግን ያለ ደም ደረሰና፣ «በሕፃናቱ ላይ ምንም ችግር አልተገኘም» ተብሎ በማግሥቱ በድምፅ ማጉያ በአማርኛም በአገውኛም ተነገረን፤ ውሸቱ ያልደረሰው ወላጅ እንዳይኖር። እኔም እልል ብዬ፣ ቤት ያስቀረኋትን ልጄን ወደ ክፍሏ መለስኳት።

4. በዚያው ሳምንት ልጅዎን ከዚያው ክፍል አውጥተው ዳንግላ ከተማ ሌላ ትምህርት ቤት አስገቡት። «ለእንግሊዝኛው ብዬ ነው» ማለትዎን ሰምቻለሁ። አመሰግናለሁ፤ ቢያንስ አንድ ሕፃን ተርፏል።

ከዚህ በኋላ ያለውን በቁጥር ልጽፈው አልቻልኩም።

ልጆቹ ጥግ ላይ ዕቃ ዕቃ ሲጫወቱ፣ ውቢት እናት ሆና ነበር። ከስንጥቁ ያወጣችውን ዱቄት በውኃ ለውሳ ዳቦ ጋገረች፤ ለእንግዶቿ ከማቅረቧ በፊት ደግሞ ራሷ ቀመሰችው። ወይዘሮ ዋጋዬ ስትደርስ ልጄን ላብ አጥምቋት፣ አፏ አረፋ ደፍቆ አገኘቻት። በባጃጅ እስከ አስፋልቱ፣ ከዚያ በሚኒባስ ወደ እንጅባራ ስንከንፍ ጭኔ ላይ ተንፈራገጠች። የተቀበለን ሐኪም ዓይኗን በባትሪ አይቶ፣ «ምን ቀምሳ ነው?» ሲለኝ አፌ ላይ የመጣው የእርስዎ ቃል ነበር።

«ኖራ» አልኩት።

ሐኪሙ ቀና ብሎ አየኝ። «እናት፣ ኖራ እንዲህ አያደርግም» አለኝ። ቤቱ ቀድሞ ምን እንደነበረ ስነግረው ሌላ ነገር አልጠየቀኝም፤ እስኪመሽ ድረስ ታገለላት። አልሆነም። እጇን ይዤ ነበር፤ መቼ እንደቀዘቀዘ አላውቅም።

ለቅሶ ስለደረሱኝም አመሰግናለሁ። ድንኳኑ ውስጥ አጠገቤ ተቀምጠው፣ «የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው፤ ምን ይደረጋል» አሉኝ። ፈጣሪ በግብረ ኃይልዎ አባል መሆኑን ያን ዕለት ሰማሁ። ንፍሮው ሳይዞር ስብሰባ አለብኝ ብለው ተነሡ፤ የስብሰባው ርእስ የሕፃናት ደኅንነት እንደነበረ ኋላ ነገሩኝ።

ከሰልስቷ በኋላ እኛ ወላጆች ልጆቻችንን አውጥተን፣ በሩን በራሳችን ቁልፍ ቆልፈናል። ወይዘሮ ዋጋዬና እህተማርያም ያዩትንና የሰሙትን ለፖሊስ ቃላቸውን ሰጥተዋል፤ እህተማርያምን በማግሥቱ ከሥራ ስላሰናበቷት፣ አሁን ለመመስከር ሰፊ ጊዜ አላት። ለዚህም ምስጋናዬ ይድረስዎ።

ለወንበርዎ ረጅም ዕድሜን፣ ለእንቅልፍዎ ግን አጭር ሌሊትን እየተመኘሁ፣ ከማይቀዘቅዝ አክብሮት ጋር ከፊትዎ እጅ እነሣለሁ።

ሰርክአዲስ ደረሰ
የውቢት እናት

ድኅረ ጽሑፍ፦ ትናንት ከቢሮዎ አንድ ትሑት ወጣት ደውሎ፣ ለሁለተኛው ዙር የደም ምርመራ ውቢትን ሰኞ ጠዋት ቁርስ ሳላበላ ይዣት እንድመጣ አሳሰበኝ። እኔ ይዣት መምጣት ስለማይሆንልኝ፣ ባለሙያዎችዎ ወደ እርሷ ቢመጡ ከማርያም ቤተ ክርስቲያን በስተጀርባ ያገኟታል። ቁርስ አለመብላቷን አረጋግጣለሁ።