ማታጂ ስም ያወጡ ለት

ረቡዕ

የሂንዱው ቄስ ቀረ። ትናንት በስልክ እሺ ብሎ ነበር። ዛሬ ራቪን የአባቱን ስምና የመጡበትን መንደር ጠየቀውና "ቅዳሜ አይመቸኝም" አለው። ራቪ ስልኩን ሶፋው ላይ ወረወረው። የሴት ልጁ ስም የሚወጣው ቅዳሜ ነው። እንግዳ ተጠርቷል፣ ፌደራል ዌይ ከተማ ያለው የአፓርታማቸው አዳራሽ ተይዟል።

እኔ የእናቱን የደም ግፊት እየለካሁ ነበር። ተቀጥሬ ስንከባከባቸው ሁለት ዓመቴ ነው፤ ማታጂ እላቸዋለሁ፣ በቋንቋቸው እማማ እንደማለት ነው። ምንም አልደነገጡም።

"ስሟን እኔ አወጣላታለሁ" አሉ።

"እማዬ፣ አለቃዬ እናቷን ይዛ ትመጣለች። የትልቅ ዘር ሰዎች ናቸው!"

የማታጂ ግፊት ደህና ነው። የሱን መለካት ነበረብኝ።

ሐሙስ

ልብስ ስናጣጥፍ ጸሎቱን ማን እንዳስተማራቸው ጠየቅኋቸው። አባታቸው ቆዳ ፋቂ ነበሩ፤ ቄሱ ስምና መንደር የጠየቀውም የማን ዘር እንደሆኑ ለማወቅ ነው። ቤተ መቅደስ መግባት አይፈቀድላቸውም፤ ከአጥር ውጭ ቆመው ይጸልያሉ። ማታጂ ልጅ ሳሉ ከራሳቸው ወገን የሆነ አስተማሪ ሰፈራቸው መጣ። ፊደል አስቆጠራቸው። "አምላክ ደላላ አይፈልግም" አላቸው። የራሳቸውን የጭቃ ጸሎት ቤት ሠሩ፤ ሴቱም ወንዱም ተራ በተራ ያስጸልያል። ማታጂ በአሥራ አራት ዓመታቸው መሩ።

"ድምፄ ተንቀጠቀጠ። ግን ማንም ደጅ አልቀረም።"

የኔ እናት ሸክላ ሠሪ ናት። ጎረቤት ድስቷን ይገዛል፣ ቤቱ ግን አያስገባትም ነበር። እዚህ አገር ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለሳቸው ነገርኳቸው። ፎጣውን አስቀምጠው እጄን ያዙኝ።

ቅዳሜ

የፈራሁት፦ የማታጂን ጉልበት፣ በዕጣኑ የሚጮኸውን የጭስ ማስጠንቀቂያ፣ የራቪን አለቃ እናት።

ሴትዮዋ ገና ሲገቡ ዞር ዞር ብለው አዩና "ቄሱ የታሉ?" አሉ። ራቪ አቀረቀረ።

"እኔ ነኝ" አሉ ማታጂ።

ማታጂ መደገፊያቸውን ይዘው ቆሙ፣ ዘመሩ፤ ድምፃቸው ያን ሁሉ ሰው ያዘው። ሕፃኗ ጆሮ ላይ ስሟን ሦስቴ አሉት፦ ቪድያ። ዕውቀት ማለት ነው።

ጣፋጩን በእጃቸው ሲያድሉ አንድ ባልና ሚስት ኮታቸውን አንሥተው ወጡ። የአለቃው እናት ግን ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ተቀበሉ፣ እዚያው በሉ። ራቪ አለቀሰ። እኔም።

እሑድ

ከቤተ ክርስቲያን ስወጣ ራቪ ኮል አደረገ። የአለቃው እናት ኖርዝጌት ሰፈር አዲስ ቤት ገብተዋል፤ ማታጂ መጥተው እንዲጸልዩላቸው ይፈልጋሉ። ባላቸው ግን ገና አልተስማሙም።

"ሶ፣ ማታጂ ምን አሉ?" አልኩት።

"ሰውየው እስኪያስቡበት ሳሪ ቀሚሴ ይተኮስ ብላለች።"