የጋሽ ዝግታ ሕልፈት እና በልጃቸው ላይ የተነገረው

እኛ የሬዲዮ ጣቢያው የትረካ ክፍል ባልደረቦች፣ በአድማጮቻችን ዘንድ «ጋሽ ዝግታ» በሚል ቅጽል ስም የሚታወቁት አንጋፋው ተራኪያችን ባለፈው ረቡዕ ጠዋት በልብ ሕመም ምክንያት ከዚህ ዓለም በሞት መለየታቸውን የምናስታውቀው በጥልቅ ሐዘን ነው። ከሐዘናችን ጋር ንዴትም እንዳለበት አንሸሽግም።

ጋሽ ዝግታ በድንገት አልሞቱም። የጣቢያው አስተዳደር ያዘጋጀልን የመጀመሪያው ረቂቅ «ባደረባቸው ድንገተኛ ሕመም» ይል ነበር፤ ክፍላችን አልተቀበለውም። ሕመሙ ከታወቀ አምስት ዓመት አልፎታል። ሐኪም ይከታተላቸው ነበር፣ መድኃኒትም ይወስዱ ነበር፤ ደረጃ እንዳይወጡም በጥብቅ ታዝዘዋል። ስቱዲዮአችን ያለው አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሊፍቱ ከቆመ ከዓመት በላይ ሆኖታል። እንዲጠገን ደጋግመን ጠይቀን «በሂደት ላይ ነው» ተብለናል። ጋሽ ዝግታ ሦስተኛው ፎቅ ላይ ሲደርሱ የደረጃውን መደገፊያ እንደያዙ ቁጭ አሉ፤ በዚያው አረፉ። ሊፍቱ አሁንም በሂደት ላይ ነው።

እንዲህ ያለ ዝርዝር በሐዘን መግለጫ ላይ እንደማይጻፍ እናውቃለን። የጻፍነው የአሥር ዓመት ልጃቸው አባቷን የገደለቻቸው እርሷ እንደሆነች ስለምታምን ነው። ይህ መግለጫ በቅድሚያ የተዘጋጀው ለእርሷ ነው። የቀራችሁት አብራችሁ አዳምጡ።

ጋሽ ዝግታ ጣቢያው በተከፈተ በሁለተኛው ዓመት በዜና አንባቢነት ተቀጠሩ። ዜናው አልሆነላቸውም። ሌላው ሰው ፉት የሚለውን ዜና እርሳቸው እያጣጣሙ ስለሚያነቡት፣ የእግር ኳስ ውጤት ሳይነገር ሰዓቱ ያልቅ ነበር። ቅጽል ስማቸው የወጣው ያኔ ነው፤ ያወጣላቸውም የስፖርት ክፍሉ ነው።

በአራተኛው ዓመት የትረካ ክፍል ሲቋቋም ብቸኛ ሠራተኛ ሆነው ተመደቡ። ምደባው ቅጣት ነበር። ከመዝገብ ቤቱ ጎን ባለች፣ ግድግዳዋ በእንቁላል መያዣ ካርቶን በተለበጠች ክፍል ውስጥ ብቻቸውን ገብተው፣ ቅጣቱን በጣቢያው ታሪክ ብዙ አድማጭ ያገኘ ፕሮግራም አደረጉት። በኋላ ለፕሮግራሙ ሽልማት ሲሰጥ መድረክ ላይ ወጥተው የተቀበሉት ያኔ የቀጧቸው ኃላፊ ናቸው።

በአሥረኛው ዓመት ጀማሪ ተራኪዎችን ማሠልጠን ጀመሩ። ዛሬ በየጣቢያው የምትሰሟቸው ተራኪዎች አብዛኞቹ በእጃቸው ያለፉ ናቸው። ሲያስተምሩ ብዙ አያወሩም ነበር። ለሕዝብ አታንብቡ፣ ለአንድ ሰው አንብቡ ይሉ ነበር። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ከሠላሳ በላይ ልቦለዶችን ተርከዋል፤ አንዱንም ሳይጨርሱ አልተዉም፤ ከመጨረሻው በቀር።

የመጨረሻው «ስም ጠሪዋ» የተባለው ልብ አንጠልጣይ ልቦለድ ነው። ታሪኩ ስለ አንዲት የዘጠኝ ዓመት ሕፃን ነው፤ ስትቆጣ የሰውን ሙሉ ስም እስከ አያቱ ትጠራለች፣ የተጠራው ሰው ልቡ ቀጥ ይላል። ትረካው ከመጀመሩ በፊት መጽሐፉ በየመደብሩ አቧራ ለብሶ ተቀምጦ ነበር። ለሕፃኗ ድምፅ ትልልቅ ተዋናዮች ተሞክረው አልሆነም፤ ልጅ መስለው ሲያወሩ ጉንፋን የያዛቸው ይመስላሉ። የጣቢያው ሥራ አስኪያጅ የጋሽ ዝግታን ልጅ ከትምህርት ቤት መልስ አባቷን ኮሪደር ላይ ስትጠብቅ ሰሟትና «ይቺው ትሁን» አሉ። ጋሽ ዝግታ ስሟ እንዳይነገር ብቻ ጠይቀው ፈቀዱ። አስተዳደሩ ጥያቄውን አክብሮ ማስታወቂያ ሠራበት፦ «ይህ የእውነተኛ ልጅ ድምፅ ነው። ስሟን አንነግራችሁም። እናንተም ስማችሁን እንዳትነግሯት!»

ከእያንዳንዱ ክፍል በኋላ የአንባቢያንና የአድማጮች አስተያየት በስልክ ይቀርብ ነበር። መጀመሪያ ላይ ስለ መጽሐፉ ነበር የሚወራው። አንድ መምህር ሁለተኛው ምዕራፍ ተንዛዝቷል አሉ። ጡረታ የወጡ ፋርማሲስት ልብ እንደዚያ እንደማይቆም ሲያስረዱ መስመሩ ተቋረጠባቸው፤ እንደገና ደውለው ከተቋረጠበት ቀጠሉ። አንዲት እናት ሕፃኗ በጊዜ በደንብ ተደርጋ ብትገረፍ ኖሮ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር አሉ፤ ቀጥሎ የደወሉት ደግሞ ይህ ሁሉ የመጣው በግርፊያው ነው አሉ። አንዳንዱ ለፖሊስ ትሰጥ አለ፣ አንዳንዱ ለጦር ሠራዊቱ። ደራሲው በሦስተኛው ምዕራፍ ላይ ሕፃኗን ገድሎ ቢገላግለን ምን ነበረበት ያሉት ሰው አንድም ሳምንት ሳይደውሉ አልቀሩም።

ውሎ አድሮ አስተያየቱ መጽሐፉን ለቀቀና ድምፁን ያዘ። ይቺ ልጅ ተዋናይ አይደለችም፣ የሆነ ነገር አለባት ተባለ። ከዚያ ደግሞ ስም መላክ ተጀመረ። ተከራይ የአከራዩን ስም፣ ምራት የአማቷን ስም፣ ሠራተኛ የአለቃውን ስም እስከ አያቱ እየጠሩ «እስቲ እሱን ጥሪልን» እያሉ ይስቁ ነበር። እኛም ስቀናል። ጋሽ ዝግታ አስተያየቱ ይቅር ብለው በስብሰባ ላይ ጠየቁ። ሰው እየተዝናና ነው፣ ከትረካው ይልቅ አስተያየቱ ነው የሚደመጠው ተባሉ፤ የአስተያየቱም ሰዓት ተጨመረ።

ልጅቷ ዳቦ ቤት ገብታ «ሁለት ዳቦ» ስትል በድምጿ ታወቀች። ከዚያ በኋላ ሰፈሩ ሁሉ አወቃት። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አብራት የተማረችው የዴስክ ጓደኛዋ እናት መጥታ ልጇን ወደ ኋላ ወንበር አዛወረቻት። በእረፍት ሰዓት ልጆቹ ስም እንዳይጠራሩ ተማከሩ፤ እርሷ ስትመጣ «አንተ» እና «አንቺ» ብቻ ይባባላሉ። አንድ መምህር ስም ሲጠሩ ቆይተው «አንቺ ደግሞ አደራ፣ የኔን ስም እንዳትጠሪ» ብለው ቀለዱ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እርሷ አልሳቀችም።

ባለፈው ማክሰኞ ከትምህርት ቤት ስትመለስ የመጨረሻውን ክፍል እንደማትቀዳ ለአባቷ ነገረቻቸው። እርሳቸው የተጀመረ ሥራ ይጨረስ አሉ። ሞተዋልና በዚህ አንወቅሳቸውም፤ ልክ ነበሩ ብለን ግን አንጽፍም። ተጨቃጨቁ። ልጅቷ ብስጭት ብላ «አባዬ» ማለቱን ትታ በሙሉ ስማቸው፣ እስከ አያታቸው፣ በዚያች በመጽሐፉ ሕፃን ድምፅ ጠራቻቸው። ጋሽ ዝግታ ስቀው አለፉት። በማግስቱ ጠዋት ደረጃው ላይ አረፉ።

የሞታቸው ዜና እንደተነገረ ወደ ጣቢያው የመጣው የመጀመሪያው አስተያየት «አላልኳችሁም?» የሚል ነበር። በቀብሩ ላይ የረጅም ጊዜ አድማጫችን የሆነ ሰው ሐዘኑን ሊገልጽ ቀርቦ፣ ልጅቷን ሲያይ የራሱን ልጅ ወደ ኋላው ደበቀ። ልጅቷ አየችው። ከዚያ ቀን ወዲህ የሰው ስም አትጠራም። እናቷን እንኳ «እማዬ» ማለት ትታለች፤ ስትፈልጋቸው ቀሚሳቸውን ትጎትታለች። በሐዘን መግለጫ ላይ የሟች ሙሉ ስም መስፈር እንዳለበት አልጠፋንም፤ እንዳይጻፍ፣ እንዳይነበብም የለመነችን እርሷ ናት።

ባለቤታቸው ልብስ ሰፊ ናቸው። ከቀብሩ በኋላ ያንን ደረጃ ወጥተው ወደ ክፍላችን መጡ፤ ወንበር ብንሰጣቸው አልተቀመጡም። «በዚህ ሬዲዮ ነው ልጄን ነፍሰ ገዳይ ያደረጋችኋት፤ በዚሁ ሬዲዮ አውጧት» አሉን። ጥያቄያቸው ተገቢ ሆኖ ስላገኘነው የሚከተለውን በይፋ እናረጋግጣለን።

ልጅቷ በትረካው የተናገረችውን ቃል ሁሉ የጻፈው ደራሲው ነው። እርሷ ከራሷ የጨመረችው አንዲት ሳል ብቻ ናት፤ ሳሏም በቅንብር ጊዜ ተቆርጣ ወጥታለች። ሰዎቹ ሲሞቱ የሚሰማው የመውደቅ ድምፅ የድምፅ ባለሙያችን አሮጌ ፍራሽ ላይ የሚጥለው የአሸዋ ከረጢት ነው። ቀስ እያለ የሚቆመው የልብ ትርታ ፎጣ በለበሰ ጠረጴዛ ላይ የሚመታ የእርሱ ጣት ነው፤ ጣቱ ሲደክመው ይቆማል። ልጅቷ ይህን ሁሉ ቆማ አይታለች፤ ያኔ እንባዋ እስኪመጣ ትስቅ ነበር።

በቁጣ ሙሉ ስም መጥራት ሰው የሚገድል ቢሆን ኖሮ ጋሽ ዝግታ ገና በዜና አንባቢነታቸው በሞቱ ነበር። የስፖርት ክፍሉ በየዕለቱ ጠርቷቸዋል። የድምፅ ባለሙያችን፣ ጋሽ ዝግታ «እንደገና ከመጀመሪያው» ባሉት ቁጥር፣ ከመስተዋቱ ጀርባ ሆኖ እስከ አያታቸው ድረስ፣ ሌላም ቃል እየጨመረ ሲጠራቸው ኖሯል። ባለቤታቸውም በትዳር ዘመናቸው ስንቴ እንደጠሯቸው ቁጥሩን እንደማያውቁት ነግረውናል። ጋሽ ዝግታ ይህን ሁሉ ችለው ኖረዋል። ያልቻሉት ደረጃውን ነው።

ሥራ አስኪያጁ ይህ መግለጫ እንዳይወጣ መክረዋል። የስም ነገር ተረት ነው፣ ልጅ ቶሎ ይረሳል፣ የሊፍቱ ጉዳይ ደግሞ የውስጥ ጉዳይ ነው ብለዋል። ለመጨረሻው ክፍል ሌላ ልጅ እየተፈለገ መሆኑንም አስታውቀውናል። የመጽሐፉ አሳታሚ በበኩሉ ትልቅ የአበባ ጉንጉን ልኳል፤ አብሮ የመጣው ካርድ ሦስተኛው እትም ገበያ ላይ መዋሉን ይገልጻል። ክፍላችን የትረካውን የመጨረሻ ክፍል እንደማያስተላልፍ፣ በዚህ መግለጫም ላይ የአንባቢም ሆነ የአድማጭ አስተያየት እንደማይቀበል ያስታውቃል። ስልኩን ነቅለነዋል።

ትናንት የድምፅ ባለሙያችን ወደ ሟች ቤት ሄዶ ይህን ጽሑፍ እስከዚህ ድረስ ለልጅቷ አነበበላት። ሳታቋርጥ ሰማችው። ሲጨርስ «በይ እኔን ጥሪኝ፤ ተቆጪና እስከ አያቴ ጥሪኝ» አላት። አፏን በሁለት እጇ ይዛ ወደ ጓዳ ሮጠች። ቆይታ ከበሩ ጀርባ አንድ ነገር ጠየቀችው፦ «ተረት ከሆነ ሥራ አስኪያጁ ስማቸውን ይሰጡኛል?»

ጥያቄዋን ለሥራ አስኪያጁ አቀረብን። ሙሉ ስማቸውን በእጃቸው ጽፈው ለልጅቷ እንዲልኩላት ጠየቅናቸው። ብዕሩን አንሥተው መልሰው አስቀመጡት፤ የግል ስም ከመሥሪያ ቤቱ አሠራር ጋር አይሄድም፣ ማኅተም ይበቃል አሉ። ከእኛ ከሰባቱ የክፍሉ ባልደረቦችም ሁለቱ ለማሰብ ጊዜ ይሰጠን ብለዋል። እነርሱም የተማሩ፣ የወለዱ ሰዎች ናቸው። ዛሬም ጠየቅናቸው፤ አሁንም እያሰቡ ነው።

ለጋሽ ዝግታ ባለቤት፣ ለሥራ ባልደረቦቻቸውና ድምፃቸውን ለወደዱ ሁሉ መጽናናትን እንመኛለን። ላንቺ ግን መጽናናት ብቻ ተመኝተን ዝም ብንል አናፍርም ወይ? አባትሽን አልገደልሻቸውም። የቀረነው አምስታችን ሙሉ ስማችንን እስከ አያቶቻችን ድረስ ጽፈን፣ ከዚህ መግለጫ ጋር በእናትሽ እጅ ልከንልሻል። ስትናደጂ፣ በፈለግሽው ሰዓት፣ በፈለግሽው ድምፅ ጥሪን።

አቤት እንልሻለን።