ከአሱር መልስ የሚከብዱት ቡችሎች

ኅዳር 4፣ ረቡዕ

ውሃ መጣ። ሁለቱንም በርሜል ሞላሁ። ሸሚዝ ተኮስኩ። ከዙሁር በኋላ ጋደም ልል ስል በር ተንኳኳ።

ሙነወር ነው፣ ጎጃም በረንዳ ያለው መጋዘን ዘበኛ። ጆንያ አቅፏል። ውስጡ ሦስት ቡችሎች። ዓይናቸው ያልተገለጠ፣ እትብታቸው በቅጡ ያልደረቀ።

"ቲቸር፣ እርስዎ ባዮሎጂ አይደል ያስተማሩት?"

"እንቁራሪት ቀደድን እንጂ ውሻ አላጠባንም።"

አልሳቀም። ውሻዋ የወለደችው ከእህል ቁልሉ ጀርባ ነበር። ትናንት ወዛደሮቹ ቁልሉን ማንሳት ሲጀምሩ ልጆቿን አንድ በአንድ በአፏ እያነሳች ጸጥ ወዳለ ጥግ ማዞር ጀመረች። ጸጥ ያለው ጥግ ደግሞ ወደ ጎጃም የሚመለሰው የባዶ ጆንያ ጥቅል ነው። ሁለቱን እንዳስገባች ጥቅሉ አይሱዙ ላይ ተጫነ። ተከትላ ዘለለች። መኪናው ሄደ። ሦስቱ ቀሩ።

"በራሳቸው መብላት ሲጀምሩ እወስዳቸዋለሁ። መጋዘኑ ጠባቂ ይፈልጋል። እስከዚያ… አጅር አለው ጋሼ፣ አላህ ይከፍልዎታል።"

ተቀበልኩ። ለምን ተቀበልኩ?

ኅዳር 5፣ ሐሙስ

የዱቄት ወተት፣ የእንቁላል አስኳል፣ የፈላ ውሃ። ስኳር የለም። በየሦስት ሰዓቱ፣ ሌሊትም። በደረታቸው ተኝተው እንጂ በጀርባቸው አይደለም። ከጠጡ በኋላ በእርጥብ ጥጥ ሆዳቸውን ማሸት፤ አለዚያ ሽንታቸው አይወጣም፣ እናታቸው በምላሷ የምታደርገው እሱን ነው። ሙቀት፦ ሙቅ ውሃ የሞላ ሃይላንድ፣ ካልሲ ውስጥ።

አንገታቸው ላይ ክር አሰርኩ። ጥቁር፣ ነጭ፣ ቀይ። ቀይ ክር ሴት ናት፣ ትንሿ።

ቧንቧው ጋ እትዬ ፈሪዳ ያዙኝ። የኋላው ክፍል ጎረቤቴ ናቸው፣ ሃያ ሁለት ዓመት።

"አንተ ጠሀ፣ ሰላት በሚሰገድበት ግቢ ውሻ?"

"ከክፍሌ አይወጡም እትዬ። የላሱትን ሁሉ ሰባቴ አጥባለሁ፣ አንዱን በአፈር። ሥርዓቱን አውቃለሁ።"

"መርካቶ ውስጥ ንጹህ አፈር ከየት አመጣህ?"

"ሙነወር በጣሳ አመጣልኝ።"

"ያለ ደላላ? ይገርማል!"

ግን ፊታቸው አልተፈታም። ምራታቸው አፍራ በራቸው ላይ ቆማ ነበር። ከወለደች ሁለት ሳምንት ሆናት። ልጁ ሦስት ቀን ቆይቶ ሞተ፤ ሰባተኛው ቀን ሳይደርስ፣ ስም ሳይወጣለት። ባሏ ለዕቃ ሞያሌ ነው። ከዚያ ወዲህ ድምጿን ሰምቼ አላውቅም። ዛሬ ግን ስለ ቡችሎቹ ስናወራ ከበሩ አልተነቃነቀችም።

ኅዳር 7፣ ቅዳሜ

ከቅመም ነጋዴ ትንሿን ሚዛን ተዋስኩ። ከማጥባቴ በፊትና በኋላ እመዝናለሁ።

ጥቁር 318 ግራም። ነጭ 305። ቀይ 231፤ ትናንት 236 ነበረች።

ዓይናቸው እስኪገለጥ ካደረስኳቸው ይኖራሉ። ቀይ ክር ከ220 ከወረደች ግን… አላውቅም። ጡጦውን በምላሷ ትገፋዋለች።

ኅዳር 8፣ እሑድ

ሙነወር መጣ። ሾፌሩ ደውሎለታል። ፍኖተ ሰላም ላይ ጥቅሉ ሲፈታ ሁለት የሞቱ ቡችሎች ተገኙ። እናትየዋ የለችም። የት እንደወረደች ያየ ሰው የለም።

ቀይ 226።

ኅዳር 9፣ ሰኞ

ስህተት ሠራሁ መሰለኝ።

ዘጠኝ ሰዓት አጠባሁ፣ መዘንኩ። መስጊድ ሄድኩ፣ አሱር ሰገድኩ፣ ሻይ ቤት ከወዳጆቼ ከነጓንጉል ጋር ሻይ ጠጣሁ። አሥራ ሁለት ሰዓት ከማጥባቴ በፊት ስመዝን ሦስቱም ጨምረዋል። ቀይ ክር አሥራ አንድ ግራም።

ሳይበላ የሚከብድ ነገር የለም። ሚዛኑን በግማሽ ኪሎ ስኳር ፈተንኩት። ትክክል ነው።

ኅዳር 10፣ ማክሰኞ

ዛሬም ከአሱር መልስ። አሥራ አራት ግራም። የሌላውን ሰዓት ሁሉ አየሁ፤ ሱብሂ፣ ዙሁር፣ መግሪብ… እንደሚጠበቀው ትንሽ ይቀንሳሉ። ከአሱር በኋላ ብቻ።

ኅዳር 11፣ ረቡዕ

ዛሬ ያየሁትን እንዳየሁት ልጻፍ።

አሱር ሊደርስ ሩብ ጉዳይ። አዛን አላለም። ሦስቱም ተኝተው ነበር። እኩል ነቁ። አላለቀሱም። ከካርቶኑ በሩ ወዳለበት ጎን ተሳቡ፣ አፍንጫቸውን ግድግዳው ላይ አድርገው ጸጥ አሉ። ዓይናቸው ዝግ ነው። ጆሯቸውም ገና ዝግ ነው።

ምን ሰሙ?

ኅዳር 12፣ ሐሙስ

የዘጠኝ ሰዓቱን ሆን ብዬ አላጠባሁም። ወጣሁ። ስመለስ ሆዳቸው እንደ ከበሮ ተነፍቷል። ተኝተዋል። ሽንታቸውም ወጥቷል፣ ታብሰዋል። ፀጉራቸው እርጥብ ነው፣ ወደ አንድ አቅጣጫ ተኝቷል፣ እንደተላሰ።

ቀይ ክርን አነሳሁና አፏን አሸተትኩ። የዱቄት ወተት አይደለም። ቀጭን፣ ጣፋጭ ሽታ… የማውቀው ሽታ ነው፣ ከየት እንደማውቀው ግን አላስታውስም።

ለሙነወር ነገርኩት።

"እናትየዋ መጥታለቻ፣ ጋሼ!"

"ከጎጃም? በእግሯ?"

"እናት አይደለች?"

"መቀርቀሪያውንስ በምን ከፈተችው?"

 ወደ በሩ ሳያይ፣ "በሕይወት ካለች ነው መቀርቀሪያ የሚይዛት" አለኝ።

ሠላሳ አንድ ዓመት እንዲህ ያለ መልስ የጻፈውን ተማሪ ሁሉ ዜሮ ሰጥቻለሁ። ዛሬ ማታ ግን መብራቱን አላጠፋሁም።

ኅዳር 13፣ ዓርብ

የአፈሩ ጣሳ ጎድሏል። አፉ ላይ እርጥብ ጭቃ አለ። እኔ በደረቅ ማንኪያ ነው የምጨልፈው። ጡጦውም ሳህን ላይ ሳይሆን ሚስማሩ ላይ ተዘቅዝቆ ተሰቅሏል። ጽድት ብሎ ታጥቧል።

የሞተች ውሻ ዕቃ በአፈር አታጥብም።

ሰው ነው። ሥርዓቱን የሚያውቅ ሰው። ቀለለኝ ማለት ነበረብኝ፣ አልቀለለኝም። እኔ በሌለሁበት ገብቶ፣ አጥብቶ፣ አጥቦ፣ መቀርቀሪያውን መልሶ የሚወጣ ሰው ለምን አይነግረኝም? ወተቱንስ ከየት ያመጣዋል?

እየዞርኩ ሰው መጠየቅ አልወድም። ነገ ጓጉንቸር አደርጋለሁ። መዝገቤ ውስጥ የማላውቀው ወተት መግባት የለበትም።

ኅዳር 14፣ ቅዳሜ

ቆለፍኩ። ስመለስ ጓጉንቸሩ እንደነበረ ነው። ቡችሎቹ ግን ካርቶኑን ገልብጠው በሩ ሥር ተደራርበዋል። ጥፍራቸው ደም አለው።

ቀይ 262። ትናንት 271 ነበረች።

ኅዳር 15፣ እሑድ

ቆለፍኩ። ስመለስ በበሩ ሥር፣ በስንጥቁ፣ ነጭ ጨርቅ ተወትፏል። ከውጭ ነው የተገፋው። ጫፉ በወተት ርሷል። ሦስቱም ጨርቁን ይጠባሉ። ስጎትተው አልለቀቁም።

በሩን ከፍቼ ግቢውን አየሁ። ማንም የለም። የእትዬ ፈሪዳ መጋረጃ ይወዛወዛል፣ ንፋስ ግን አልነበረም።

ቀይ ክር ከእኔ እጅ አልጠጣም አለች።

ኅዳር 16፣ ሰኞ

ቀይ 238። በሲሪንጅ ሞከርኩ፣ ተፋችው። ከኋላ ክፍል ሲያቃስት የዋለ ሰው አለ።

ኅዳር 17፣ ማክሰኞ

ጠዋት እትዬ ፈሪዳ መጡ። እስከ ዛሬ ደጄን ረግጠው አያውቁም፣ ቧንቧው ጋ ነው የምንነጋገረው። ገብተው በርጩማ ላይ ተቀመጡ። ካርቶኑን አላዩትም።

"ቁልፉን አንሳው ጠሀ።"

"የምን ቁልፍ?"

"አታድክመኝ። አፍራ በትኩሳት ተቃጥላ አደረች። ጡቷ ድንጋይ ሆኗል። በሌሊት ጤና ጣቢያ ወስጃት አሁን መግባቴ ነው። መድኃኒት ሰጧት፣ 'ወተቱ መውጣት አለበት' አሉኝ። በእጅሽ እለቢው ብላት እንቢ ትላለች። ወተቱን ከልክላለች። ለማን ይውጣ ትለኛለች።"

 ሽታው… የታናሽ እህቴ የአራስ ቤት ሽታ ነበር።

"ጡጦው ውስጥ እያለበች ነው እንጂ ሌላ ነገር አላደረገችም፣ ደግሞ ሌላ እንዳታስብ" አሉኝ፣ በቁጣ።

"እርስዎ ያውቁ ነበር?"

"በአፈር እጠቢ ያላት ማን ይመስልሃል?"

ተነስተው እየወጡ፣ "ልጅቷ ሁለት ሳምንት አልተኛችም ነበር። ካንተ ቤት ገብታ በወጣችበት ቀን ተኛች። ታዲያ ምን ልበላት?"

ጓጉንቸሩን አነሳሁ። እነሱን የምፈትን መስሎኝ ሰው ነው የፈተንኩት። ሦስት ቀን።

ቀይ 229። እስከ አሱር ትደርስ ይሆን?

ኅዳር 18፣ ረቡዕ

ትናንት ከአዛን በፊት ወጣሁ። ሻይ ቤት ጓንጉል "ምን ሆነህ ነው በር በሩን የምታየው?" አለኝ። ስመለስ ቀይ 241።

ዛሬ 260። የአፍራ ትኩሳት በርዷል አሉ።

ኅዳር 19፣ ሐሙስ

መነጽሬን ረስቼ ከመንገድ ተመለስኩ። በሩ ገርበብ ብሏል። አልገባሁም። አፍራ ጀርባዋን ሰጥታኝ መሬት ላይ ተቀምጣለች፤ ቀይ ክር ጭኗ ላይ ናት። ትንሿ ዓይኗን ገልጣለች፣ ሰማያዊና ጭጋግ ያለበት። የመጀመሪያ ያየችው እኔን አይደለም።

ቀስ ብዬ ሄድኩ። ያለ መነጽር ሰገድኩ።

ኅዳር 26፣ ሐሙስ

አፍራ አሁን እኔ እያለሁም ትመጣለች። አትናገርም። ዛሬ ግን ቀይ ክር ስታዛጋ፦

"ጋሼ፣ ይቺኛዋ ስታዛጋ እሱን ትመስላለች።"

ማንን እንደሆነ አልጠየቅኩም። "ቆንጆ ናት" አልኩ። አንገቷን ነቀነቀች። ፈገግ ያለች መሰለኝ፤ ደስ ሊለኝ ሲገባ ጀርባዬን በረደኝ።

ታኅሣሥ 1፣ ዓርብ ብዬ ልጽፍ ነበር፣ ዛሬ ግን ማክሰኞ ነው… ቀን አምታታሁ። ዕድሜዬን ሙሉ ቀን አምታትቼ አላውቅም።

ሦስቱም ከሳህን ይልሳሉ፣ ዳቦ በወተት። አፍራ ወተቷ እየደረቀ ነው ይላሉ እትዬ ፈሪዳ። እሷ ግን በሰዓቱ ትመጣለች። ጡጦ አትይዝም። ሁለቱን አታያቸውም። ትንሿን ብቻ በነጠላ ጠቅልላ ታቅፋለች፣ እስከ መግሪብ።

ታኅሣሥ 4፣ ዓርብ

ሙነወር ሊወስዳቸው መጣ። አሱር አልፎ ነበር። አፍራ ድምፁን ስትሰማ ተነሳች፣ ቀይ ክርን ይዛ አልጋዬን ከሚጋርደው መጋረጃ ኋላ ገባች። እትዬ ፈሪዳ ምራታቸውን ሊጠሩ መጥተው ደጃፉ ላይ ቆመዋል። ሁሉንም አዩ። እኔን አዩኝ።

"ማሻአላህ፣ ድቡልቡል ብለዋል! አጥቢ ሆነው ይቀጠሩ ቲቸር!" ሙነወር ጥቁርንና ነጭን ብብቱ ሥር አደረገ። "ሦስተኛዋስ?"

"ሞተች።"

"አላህ! መቼ?"

"ማክሰኞ።" ቀን ሁሉ ጨመርኩበት። ምላሴ አልተያዘም።

ያኔ ከመጋረጃው ኋላ አንድ ቀጭን ጩኸት ወጣ። ቀጥሎ የሴት ድምፅ፣ ዝግ ብሎ፦ "እሹሩሩ… እሹሩሩ…"

ሙነወር መጋረጃውን አየ። እኔን አየ። በሩ ላይ የቆሙትን እትዬ ፈሪዳን አየ። ግቢው የቀበረውን ልጅ እሱም ያውቃል፤ ከቀባሪዎቹ አንዱ ነበር። ፊቱ ቀስ እያለ ተለወጠ። ሁለቱን ቡችሎች ጠበቅ አድርጎ አቀፋቸው።

"አላህ ይተካላችሁ" አለ፣ በለሆሳስ።

"አሚን" አሉ እትዬ ፈሪዳ።

"አሚን" አልኩ።

ከመጋረጃውም ኋላ አንድ ድምፅ "አሚን" አለ።