ያልታጠበ ሻሽ

ይድረስ ለእህቴ ለኢዲል፣ ጅቡቲ

አሰላሙ አለይኩም። ሙቀቱ ጅቡቲን ጥሎ እኛ ጋ የመጣ ይመስላል እንጂ አልሀምዱሊላህ፣ ደህና ነን። ሰሞኑን የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ቀፊራ ገበያ ቅመሜን ይዤ ሳልወጣ ቀረሁ። አያን ጎብዛለች፤ ወንድሟን ኸባብን አዝላ ማስተኛት ለምዳለች።

ኸባብን ዓመት ሳይሞላው ጡት አስጣልኩት። ግራውን አልይዝም ብሎ አስቸገረኝ። አማቴ “ቀኙን አስለምደሽው ነው” ስትለኝ አመንኳት። የጤና ጣቢያዋ ነርስ ግን ግራውን ደጋግማ ዳበሰችው። ውስጡን ማየት የሚችለው መሣሪያ እዚህ የለም፣ አዲስ አበባ ሂጂ አለችኝ። የዚያም ወረፋ ለጥር ነው። “ለሁሉም ነገር በጀት አለ፤ የሴት ሲሆን ሁሌ ለሚቀጥለው ዓመት ነው” ብላ ከኔ ይልቅ እሷ ተናደደች።

ለኢድ ሽቲ ቀሚስ እንዳትልኪልኝ፤ ያለኝም ሰፍቶኛል። ይልቅ የለበስሽውን ሻሽ ሳታጥቢ ላኪልኝ። ቀፊራ ስውል ኸባብ የኔን ሻሽ ታቅፎ ነው የሚተኛው፤ ሽታዬ ካለ አያለቅስም። ያንቺንም ከኔው ጋር እያደረግኩ ከአሁኑ ላስለምደው። ኋላ እንግዳ እንዳትሆኚበት።

ዱዓሽ አይለየኝ፤ ለባለቤትሽም ሰላም በይልኝ። ሻሹ ላይ ሽቶ እንዳታርከፈክፊ፤ አንቺን አንቺን ይሽተት።

እህትሽ በድሪያ፣ ከመጋላ