ሳጥንህን ያልተሸከምኩበት ቀን

ውድ አባዬ፣

ከተለየኸን ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆነ። የምጽፍልህ ይቅርታ ልጠይቅህ ነው፤ እስክደርስበት ግን የሰፈሩን ወሬ ልንገርህ።

እሪ በከንቱ እንደተውካት አይደለችም። ግማሹ ሰው ቤቱ ፈርሶ ኮንዶሚኒየም ገብቷል። የኛ ጎን እስካሁን አለ። እማዬ ጉልበቷን ያማታል እንጂ ደህና ናት።

ዕድሜህን ሙሉ ስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤት ሕዝብ ስትቆጥር ኖርክ፤ ጡረታ ወጥተህም አልተውክም። ፒያሳ ካፌ ተቀምጠህ ማኪያቶህ እየቀዘቀዘ አላፊ አግዳሚውን ወንድ፣ ሴት እያልክ ትለያለህ። ቤተ ክርስቲያን ስንሄድማ ቅዳሴውን መከታተልህንም እጠራጠራለሁ። ወንዶች በግራ፣ ሴቶች በቀኝ ስለሚቆሙ አገሩ ባንድ እይታ ይታይሃል። የኛ ወገን ሞልቶ እስከ ደጅ ሲፈስ ያንተ ወገን ሳሳ ብሎ ይቆማል። ሲወለዱ ወንዶች በትንሹ ይበልጣሉ፣ ከዚያ በሽታው፣ ጦርነቱ፣ ስደቱ በየመንገዱ ያንጠባጥባቸዋል ትለን ነበር። የእድር ጓደኞችህ ሦስት ሴት ልጅ ብቻ መውለድህን እያነሱ፣ ስትሞት ማን ሊሸከምህ ነው ብለው ሲተርቡህ ከልብህ ትስቅ ነበር።

የቀብርህ ዕለት የሆነውን አታውቅም። መንደራችን መኪና አያስገባ፣ ሳጥንህ በሰው ትከሻ እስከ አስፋልቱ መውጣት ነበረበት። ከእድራችን ጉልበት ያለው ወንድ የተገኘው ሁለት ብቻ ነው። ድሮ ጥሩንባ ሲነፋ ይጎርፍ የነበረው ወጣት አንዳንዱ ደቡብ አፍሪካ፣ አንዳንዱ ከተማ ዳር፣ አንዳንዱም አፈር ውስጥ ነው። ያኔ እህቴ አስቴር ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ ወደ ሳጥንህ ቀረበች። እጇን ይዤ ጎተትኳት። ሴት ሬሳ ስትሸከም የት ታይቷል፣ ሰው ምን ይለናል አልኳት። ሮጬ ወጥቼ ከመንገድ ሥራው ሁለት የቀን ሠራተኞች ለምኜ አመጣሁ።

ደግ ልጆች ናቸው፤ አካፋቸውን ጥለው ነው የመጡት። ግን ዳገቱ መሀል ላይ አንደኛው ዞር ብሎ ሟቹ ማን ይባላሉ ብሎ ጠየቀኝ። ስምህን ነገርኩትና እዚያው ቆሜ ቀረሁ። ሦስት ልጆችህ ከኋላህ እያለን በማያውቅህ ሰው ትከሻ ሄድክ። አንተ በሴት ልጆችህ አፍረህ አታውቅም። ያፈርኩት እኔ ነኝ፤ ይቅር በለኝ።

ባለፈው ወር እድሩ ተሰብስቦ፣ ከብዙ ጭቅጭቅ በኋላ፣ ሴቶችም ሳጥን እንዲይዙ ተስማማን። ማክሰኞ ዕለት አብረውህ ዳማ ይጫወቱ የነበሩትን ጋሽ መኩሪያን ስንቀብር እኔ ከፊት፣ አስቴር ከኋላዬ ገባን። እንደፈራሁት አልከበደኝም። ሰውም ምንም አላለ። እስከ አስፋልቱ ድረስ አንተን እንደያዝኩ አድርጌ ላስብ ሞከርኩ፤ አልሆነልኝም። ጋሽ መኩሪያ ነበሩ።

በሕይወት እስካለሁ አልረሳህም፣ አባዬ። ትከሻዬ ግን ያንተን ክብደት ሳያውቅ ቀረ።

ልጅህ ትዕግስት