አንድ ሚሊዮን አንድ

ናዝሬት፣ ጥር 9 ቀን 1977 ዓ.ም.

ታናሽ ወንድሜ ዳንኤል ለብሔራዊ ውትድርና ከተወሰደ ወዲህ እጄ ሥራ አልይዝ ብሎኛል። መኪናው ላይ ሆኖ እንኳ ክርክራችንን አልተወም።

«እታለም፣ አንድ ሚሊዮን አንድ ከራሱና ከአንድ በቀር ለምንም ቁጥር አይካፈልም!» ብሎ ጮኸ።

«ይካፈላል!» አልኩት።

«እስቲ አግኚው!»

ዛሬ የስድስተኛ ክፍል ተማሪዎቼ ሲፈተኑ ጥግ ይዤ ሳካፍል ዋልኩ። ለመቶ አንድ ሳካፍለው ዘጠኝ ሺህ ዘጠኝ መቶ አንድ መጣ፤ ቀሪ የለውም። ሳላስበው ብድግ አልኩ። ልጆቹ ቀና ብለው አዩኝ።

ቤት ስገባ ለእማዬ ነገርኳት።

«ተሳስቷል ማለት ነው?»

«አዎ፣ እማዬ።»

«እንግዲህ ሲመጣ እንዳትስቂበት» አለችና ፊቷን አዞረች።

አልስቅበትም አልኳት። የት እንዳለ እንኳ አናውቅም።